ነገሥታት ስደትን ለምን አሣሉ? የጎንደርና የኡዳይፑር ሥዕሎች

በዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ሥዕል ይሆናል። ሥዕል ለጌጥ ብቻ የሚሰቀል ነገር የሚመስለው ተማሪ አይጠፋም። ለታሪክ ተማሪ ግን ሥዕል እንደ ደብዳቤ፣ እንደ ዜና መዋዕል፣ እንደ ፈረሰ ግንብ ሁሉ ማስረጃ ነው። ማንበቡን ማወቅ ይጠይቃል እንጂ።

ጥያቄያችን ይሄ ነው። አንድ ንጉሥ ሰዓሊ አስቀምጦ፣ ቀለምና ብራና አስገዝቶ ሲያሣል፣ «ሣሉልኝ» የሚለው ድሉን፣ ዙፋኑን፣ አደኑን ነው ብለን እንጠብቃለን። ታዲያ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ሁለት ቤተ መንግሥቶች፣ አንዱ ከዚህ ከገዳሪፍ ብዙም በማይርቀው በጎንደር፣ ሌላው በሩቁ ህንድ በኡዳይፑር፣ ከቤታቸው ወጥተው በመንገድ የሚሄዱ ሰዎችን ያሣሉት ለምን ይሆን? ይህን ጥያቄ በስደት ላይ ላለን ለእኛ ማንሳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎንደር እንጀምር

ከገዳሪፍ ተነስቶ በገላባትና በመተማ አድርጎ ወደ ደጋው የሚወጣው የጥንት የነጋዴ መንገድ የሚያደርሰው ጎንደር ነው። ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ሲሆኑ፣ ዘመኑም 1636 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት በአብዛኛው ድንኳን ነበር ቢባል ብዙ ስህተት የለውም። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ጥንት የሚያመለክተው ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ከነሠራዊቱ የሰፈረበትን ቦታ ነበር። «ሰፈር»ም እንደዚሁ የሰፈሩበት ማለት ነው። ዛሬ ከተማና ሰፈር የቋሚ ነዋሪ መጠሪያ ሆነው ሲሰሙ፣ መነሻቸው ድንኳን መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ጎንደር ከመቆርቆሯ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ አገሪቱ ከባድ ጦርነት አሳልፋለች። ከ1529 እስከ 1543 በዘለቀው የኢማም አሕመድ ኢብራሂምና የክርስቲያኑ መንግሥት ጦርነት ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙም ተፈናቀለ። ዐፄ ልብነ ድንግል ዓመታት ሙሉ ከቦታ ቦታ ሲሸሹ ቆይተው በ1540 በደብረ ዳሞ ሞቱ። አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ውስጣቸው የነበሩት ብራናዎችም አብረው ነደዱ። እንግዲህ በጎንደር ግንብ የሠሩት ፋሲለደስ የእኚህ ስደተኛ ንጉሥ ዘር ናቸው ማለት ነው።

የተቃጠለ መጽሐፍ አይመለስም። ግን የሚያነበው፣ በቃሉ የያዘው፣ ፊደል መጣል የሚችል ሰው ከተረፈ መጽሐፉ እንደገና ይጻፋል። በገዳማትና በደሴቶች የተረፈውን እየገለበጡ፣ የጎደለውን ከሌላ ቦታ እያስመጡ ሊቃውንቱ መጻሕፍቱን መልሰው አበዙ። በጎንደር ዘመን ደግሞ ከጽሑፉ ጋር ሥዕሉም ደመቀ። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ሥዕሉን በሁለት ይከፍሉታል፤ የ17ኛውን መቶ ዓመት ቀዳማዊ፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንስቶ ያለውን ዳግማዊ የጎንደር ሥዕል ይሉታል።

የቁስቋም ስም

በዚያ ዘመን በሥዕል ካጌጡት መጻሕፍት መካከል ተአምረ ማርያምና ነገረ ማርያም ይገኛሉ። ከታሪኮቹ አንዱ የግብፅ ስደት ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ ማርያም ልጇን ይዛ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ ትሸሻለች። በኢትዮጵያ ትውፊት ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ቆይቷል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ወቅት የሚታሰበው በዚሁ ምክንያት ነው። ኅዳር 6 ቀን ደግሞ የቁስቋም በዓል ነው። ቁስቋም ማለት በላይኛው ግብፅ የሚገኝ፣ ስደተኞቹ ያረፉበት ተብሎ የሚታመን ቦታ ነው።

አሁን ወደ እቴጌ ምንትዋብ እንምጣ። ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው፤ ቋራ ደግሞ ከዚህ ከሱዳን ድንበር ጋር የሚዋሰን አገር ነው። በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ሳለ ሲነግሥ፣ መንግሥቱን በእንደራሴነት የያዙት እሳቸው ነበሩ። በዚያ የኃይላቸው ዘመን ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ስሙንስ ማን አሉት? ደብረ ፀሐይ ቁስቋም። አስቡት እስቲ፤ በአገሩ ከእሳቸው በላይ ኃይል ያለው ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ቤታቸውን በስደተኞች ማረፊያ ስም ጠሩት!

በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት ባለው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ምንትዋብ ራሳቸው ተሥለዋል። ማርያም ልጇን ታቅፋ ትታያለች፤ እቴጌዪቱ ከእግሯ ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ግንቡን ያሠሩት፣ ሰዓሊውን ያስቀመጡት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ በሥዕሉ ላይ ቦታቸው መሬት ነው።

በኡዳይፑርም እንደዚሁ

ይህን የመሰለ ነገር በእኛ አገር ብቻ የተደረገ ከመሰለን ተሳስተናል። ፋሲለደስ በጎንደር ሲነግሡ፣ በምዕራብ ህንድ በሜዋር መንግሥት ጃጋት ሲንግ (1628–1652) የሚባሉ ንጉሥ ነበሩ። የዘመን እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። የሁለቱ ቤቶች ታሪክም ይመሳሰላል። የሜዋር ነገሥታት ጥንታዊ ምሽግ ቺቶር በ1568 በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በአክባር እጅ ወደቀ። ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ በምሽጉ የነበሩት የቤተ መንግሥቱ መጻሕፍትም ጠፉ። ከዚያ በኋላ ንጉሥ ፕራታፕ ዓመታት ሙሉ በተራራ ለተራራ እየተዘዋወሩ ተዋጉ። ከሙጋሎች ጋር ሰላም የወረደው በ1615 ነው።

ሰላም ከወረደ በኋላ ጃጋት ሲንግ በኡዳይፑር ከተማ ተቀምጠው የጠፋውን የመጻሕፍት ግምጃ ቤት መልሰው መሙላት ያዙ። ካሠሯቸው ሁሉ ትልቁ ከ1649 እስከ 1653 የተዘጋጀው የራማያና ቅጂ ነው። ከ400 በላይ ሥዕሎች ነበሩት። ንጉሡ ሥራው ሳያልቅ በ1652 ሞቱ።

ራማያና በሳንስክሪት ቋንቋ የተደረሰ፣ ሂንዱዎች እንደ ቅዱስ የሚያዩት ረጅም የጀግና ታሪክ ነው። ደራሲው ቫልሚኪ ነው ይባላል። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የአዮድያው ንጉሥ ዳሻራታ የበኩር ልጁን ራማን ሊያነግሥ ሲዘጋጅ፣ ከሚስቶቹ አንዷ ካይኬዪ ድሮ የገባላትን ቃል አስታውሳ ሁለት ነገር ጠየቀችው፤ የእኔ ልጅ ባራታ ይንገሥ፣ ራማ ደግሞ 14 ዓመት ወደ ጫካ ይሰደድ ብላ። ንጉሥ ቃሉን አይበላም። ራማ ከሚስቱ ከሲታና ከወንድሙ ከላክሽማና ጋር ወጣ። የከተማው ሕዝብ እያለቀሰ ሠረገላውን ተከተለ። ባራታ ግን ዙፋኑን አልፈልግም ብሎ ወንድሙን ፍለጋ ጫካ ድረስ ሄደ። ራማ እምቢ ሲለው ጫማውን ለምኖ ወሰደና ዙፋኑ ላይ አኖረው፤ ወንድሙ እስኪመለስ ድረስ አገሩን በጫማው ስም አስተዳደረ።

ይህን የስደቱን ክፍል የሣለው ሳሂብዲን ይባላል። ሳሂብዲን ሙስሊም ነው። ጽሑፉን የገለበጠው ሂራናንዳ ደግሞ የጃይን ሃይማኖት ተከታይ ነው። መጽሐፉ የሂንዱ፣ አሠሪው የሂንዱ ንጉሥ፣ ሰዓሊው ሙስሊም፣ ጸሐፊው ጃይን። ሥራው ሰው ይፈልግ ነበር፤ የሚያውቀው ተጠራ፣ ሠራው። በልዩ ልዩ መንገድ መጥተን እዚህ አንድ ላይ ለተሰበሰብን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥዕል እንዴት ይነበባል?

አሁን ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን እናድርጋቸውና እናንብብ።

አንደኛ፣ ፊት። በኢትዮጵያ የጥንት ሥዕል ደግ ሰው ሙሉ ፊቱ ይታያል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉ ሰው፣ አሳዳጅ፣ ሰይጣን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ የቤተ ክህነት ተማሪ የሳሂብዲንን ሥዕል ቢያይ ምን ይላል? «ይህ ሁሉ ሰው ክፉ ነው ወይ?» ይላል። በሜዋር ሥዕል ራማም፣ ሲታም፣ ንጉሡም፣ ሎሌውም በጎን ነው የሚሣሉት። እዚያ በጎን መሣል ልማድ እንጂ ፍርድ አይደለም። የራስን ደንብ ይዞ የሌላውን ሥዕል ማንበብ ጻድቁን ኃጥእ ያደርገዋል። ሰውን ስናነብም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ አገር አክብሮት ያለውን ሌላው አገር ኩራት ይለዋል።

ሁለተኛ፣ ጊዜ። ሳሂብዲን በአንድ ገጽ ላይ አንድን ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ይሥለዋል፤ እዚህ ሲሰናበት፣ እዚያ ሲወጣ፣ ወዲያ ማዶ ሲደርስ። ዓይናችን እየተከተለ ታሪኩን ያነባል። በእኛ ሥዕልም የአንድ ታሪክ ክፍሎች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ያው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ተማሪ «ለምን ሁለት ራማ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይሄ ነው።

ሦስተኛ፣ ልብስና ቤት። ራማ በጥንት ዘመን ኖረ ቢባልም፣ ሳሂብዲን የሣለው የአዮድያ ቤተ መንግሥት የራሱን ዘመን ቤተ መንግሥት ይመስላል። የጎንደር ሰዓሊም የመጽሐፍ ቅዱሱን ሰው የጎንደር መኳንንት ልብስ ያለብሰዋል። ሰዓሊ የሚያውቀውን ነው የሚሥለው። ስለዚህ የግብፅን ስደት የሚያሳይ የጎንደር ሥዕል ስለ ጥንት ግብፅ ብዙ አይነግረንም፤ ስለ ጎንደር ግን ይነግረናል፤ ምን ይለበስ፣ በቅሎ እንዴት ይጫን፣ ምን ዓይነት ጨርቅ ይወደድ እንደነበር። በዳግማዊው የጎንደር ሥዕል ላይ የሚታዩት አበባ አበባ ጨርቆች ከህንድ በቀይ ባሕር ይገቡ የነበሩትን ጨርቆች ያስታውሳሉ።

ሁለቱ አገሮች የሚገናኙት በጨርቅ ብቻም አልነበረም። የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በሮም ያለችውን የማርያም ሥዕል ቅጂ በ1580 ለአክባር ቤተ መንግሥት አቀረቡ። የዚችው ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ፣ ማርያም ልጇን በግራ እጇ ታቅፋ የምትታይበት የብዙ የአገራችን ሥዕል መነሻ ሆነ። አንድ ሥዕል ሁለት አገር ገባ፤ እያንዳንዱም በራሱ እጅ ለወጠው።

መጻሕፍቱም ተሰደዱ

ስደትን የያዙት መጻሕፍት ራሳቸውም ከስደት አላመለጡም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቁስቋም፣ በምንትዋብ ግቢ ተቀምጦ ነበር። በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ፣ በመተማ በኩል ወደዚህ ሜዳ ወርዶ፣ በ1772 ስናር ደረሰ። ወደ አገሩ ካስገባቸው የግዕዝ ብራናዎች አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው።

በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቷ የተወሰዱ ብራናዎች ወደ መቅደላ ተጋዙ። ሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ደግሞ ዝርፊያው በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ወደ 350 የሚሆኑ ብራናዎች ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። ቁስቋም ራሱ በ1888 የማህዲያ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ነደደ። በዓመቱ፣ በ1889፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ቆስለው ሞቱ። በዚህ በእኛ መንገድ ነጋዴም፣ ጦርም፣ መጽሐፍም፣ ስደተኛም ተመላልሶበታል።

የኡዳይፑሩ ራማያናስ? በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሜዋሩ ንጉሥ ቢም ሲንግ ብዙውን ክፍል ለእንግሊዛዊው ሹም ለጄምስ ቶድ ሰጡት። በ1844 ብሪቲሽ ሙዚየም ገዛው። አሁን የጎንደሮቹ ብራናዎችና የሳሂብዲን ሥዕሎች ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ በሚባለው በአንድ ቤት ውስጥ ይገኛሉ። አንዱ በዝርፊያና በሐራጅ፣ ሌላው በስጦታና በሽያጭ፤ መንገዳቸው ይለያያል፣ ልዩነቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2014 በለንደንና በህንድ ያሉ ቤተ መዘክሮች የተበታተነውን ራማያና ፎቶ አንስተው በኢንተርኔት አንድ ላይ አደረጉት። ገጾቹ ባሉበት ሆነው ታሪኩ ተገናኘ።

በሥዕሉ ላይ የሌሉት

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ነገሥታት ስደትን ለምን አሣሉ? እንደ እኛ ንባብ፣ ስደቱ በመመለስ የሚያልቅ ስለሆነ ነው። ራማ 14 ዓመቱን ጨርሶ አዮድያ ገብቶ ይነግሣል። ማርያምም ሄሮድስ ሲሞት ወደ አገሯ ትመለሳለች። የሜዋር ነገሥታት ከራማ ወገን፣ ከፀሐይ ዘር ነን ይሉ ነበር፤ የጎንደሮቹ ከሰሎሞን ዘር ነን ይሉ ነበር። አባቶቻቸው ዙፋን ያጡ፣ መጻሕፍት የተቃጠለባቸው ነገሥታት ይህን ታሪክ ሲያሣሉ፣ «መሰደዳችን ከመንግሥት ለመውደቃችን ምልክት አይደለም፤ ቅዱሳኑም ተሰደዋል፣ ተመልሰዋልም» ማለታቸው ነው።

ነገር ግን ጎበዝ የታሪክ ተማሪ ሥዕሉ ላይ ያለውን ብቻ አይጠይቅም፤ የሌለውንም ይጠይቃል። ቺቶር ስትወድቅ የሸሸው ገበሬ የት አለ? ከልብነ ድንግል ጋር ከአምባ አምባ የተንከራተተችው እንጀራ ጋጋሪ፣ ስንቅ ተሸካሚው፣ ባሪያው የት አሉ? የአዮድያ ሕዝብ እንኳ ራማን ትንሽ ሸኝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ታሪኩ የልዑሉ ነው። ብራናውን የፋቀው፣ ቀለሙን የበጠበጠው ስሙ እንኳ አልተጻፈም። ቤተ መንግሥት የሚያሣለው የራሱን ስደት ነው። የተራውን ሰው ስደት ካልሣለው ራሱ፣ የሚሥልለት የለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚመጣው። በኅዳር 2020 በሐምዳይት በኩል ተከዜን የተሻገርን አለን፤ በሌላ መንገድና በሌላ ጊዜ የመጣንም አለን። ቱነይድባ በ2021 መጀመሪያ ስትከፈት ሸራ የተከለ አለ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ያስጠጋን ሕዝብ ራሱ ሲሰደድ አይተናል። ስለዚህ ሁሉ በሌሎች እጅ ብዙ ሪፖርት ተጽፏል። ጀሪካን ተሰልፎ ውኃ መጠበቅ፣ በነፋስ ሸራ ሲነሳ ገመድ መያዝ፣ የራሽን ቀን ምን እንደሚመስል ግን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የጎንደር ሰዓሊ የሚያውቀውን በቅሎና ጨርቅ እንደሣለ ሁሉ፣ የቱነይድባ ተማሪም የሚያውቀውን ቢሥል ሥዕሉ ነገ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። የመጀመሪያው፣ ተማሪዎች ሲሥሉ ሥዕሉ አይጣል። ከጀርባው ቀኑና ቦታው፣ ምን እንደሚያሳይም በአንድ መስመር ይጻፍበት፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከውኃ ይጠበቅ። ስም መጻፍ ግን የተማሪው ፈቃድ ይሁን፤ ስሙ እንዲታወቅ የማይፈልግ አለና። ሁለተኛው፣ አንድ መጽሐፍ ለአርባ ተማሪ በሆነበት ክፍል፣ ምዕራፉን ተከፋፍሎ በእጅ መገልበጥን አንናቀው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መጻሕፍት የበዙት እንዲሁ ነበር። የገለበጠ ተማሪ ሁለት ጊዜ አነበበ ማለት ነው።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ሥዕል ወይም ፎቶ ምረጡ። ከታሪኩ የመጣው የትኛው ነው? ሠሪው ከራሱ ዘመን ያስገባውስ?

2. ባራታ ዙፋን ላይ ያኖረው የወንድሙን ጫማ ነው። ሰው ሲርቅ ቦታውን የሚጠብቅ ዕቃ በቤተሰባችሁ አለ?

3. ከመቅደላ የሄዱት ብራናዎችና ከኡዳይፑር የሄደው መጽሐፍ አወጣጣቸው በምን ይለያያል? መመለስስ አለባቸው? ምክንያታችሁን ስጡ።

4. በሰፈራችን ከሚሠራው ሥራ መካከል እስካሁን ማንም ያልሣለው የትኛው ነው?

ለአራተኛው ጥያቄ በእርሳስም ሆነ በከሰል የተሣለ መልስ ቢደርሰን፣ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንሰጠዋለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ፤ መልካም ትምህርት።